ደካማ የሚባለው አያያዝ

የቀኝ እጄ አንጓ የተሰበረው አንኮበር፣ አባቴ ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ክረምቱ ሊወጣ አካባቢ ነበር። ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ግቢውን ሞልቶታል፤ የድንጋዩ ደረጃም ዝናብ ሲወርድበት ከርሞ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። በአንድ እጄ ከደብረ ብርሃን ይዤላቸው የመጣሁትን ዕቃ፣ በሌላው ጃንጥላ ይዤ ስወርድ እግሬ ከዳኝ። ጃንጥላውን ለቅቄ እጄን አስቀደምኩ። ድምፁን ሰማሁት፤ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነበር።

አባቴ ዕድሜ ተጭኗቸው መቀደስ የተዉ ቄስ ናቸው። ድምፁን ከውስጥ ሰምተውት ኖሮ በመቋሚያቸው እየተደገፉ ወጡ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው እጄን ከደረቴ ጋር አሰሩልኝ። የተሰበሰቡት ጎረቤቶች «ወጌሻ ዘንድ እንውሰደው» ሲሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ወጌሻው ወዳጄ ነው፤ እጁም የተባረከ ነበር» አሉ። «አሁን ግን ዓይኑ እኔን ከበሬ አይለየኝም። ደብረ ብርሃን ይሂድ።»

ሚኒባሱ ያንን ጠመዝማዛ መንገድ እስኪጨርስ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ጥርሴን ነከስኩ። አጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት ክርኔን ከሥር በመዳፏ ደግፋ ይዛልኝ መጣች። ደብረ ብርሃን ስንደርስ «እግዜር ይማርህ ወንድሜ» ብላኝ ወረደች። ዛሬ ድረስ መንገድ ላይ ባገኛት አላውቃትም፤ ክርኔ ግን ያስታውሳታል።

እጄ በጀሶ ታሽጎ በከረመባቸው ሳምንታት ሰው እንዴት በሰው እንደሚኖር አየሁ። ባለቤቴ ሸሚዜን ትቆልፍልኛለች፤ ጫማዬን ታስርልኛለች። እኔ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ ጠመኔውን ቀድመው ይዘው ይጠብቁኛል። ካርታ የሚሥሉት በተራ ነበር። አንዲቷ ልጅ ስምጥ ሸለቆን ስትሥል ወደ ሱዳን አስገብታው ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ከነሳቁ ትምህርቱ ገባቸው።

ችግሩ የመጣው ጀሶው ሲነሣ ነው። እጄ ከስቷል፤ ቆዳው ተላልጧል፤ እሱ ግድ የለም። መዳፌ ግን አልገለበጥ አለኝ። ወደ ታች ሲያይ ደኅና ነው። ወደ ሰማይ ላዙረው ስል መንገድ ላይ ይቆማል። የገባኝ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጸበል ልቀበል ቀኝ እጄን ስዘረጋ መዳፌ ጎኑን ይዞ ቀረና ጸበሉ በጣቶቼ መካከል ፈስሶ አለቀ። ዲያቆኑ አይቶኝ ደገመልኝ።

ሐኪሙ አጥንቱ ገጥሟል አለና ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል መራኝ። እዚያ ያገኘኋት ባለሙያ ወጣት ሴት ናት። እንደ ሰው ሁሉ «ዶክተር» ብላት «ዶክተር አይደለሁም መምህር፤ እጅ አዟሪ ነኝ» አለችኝ። እጄን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሰች ለካች። ከዚያም ያልጠበቅሁትን ጠየቀችኝ።

«በዚህ እጅዎ ምን ማድረግ ነው የሚፈልጉት?»

መጻፍ፣ መብላት፣ መልበስ አልኩ።

«እሱማ ይመጣል። ከልብዎ የሚፈልጉትን ነው የጠየቅሁዎ።»

አፈርኩ። ጢሜ ሸብቷል። «ገና መጫወት» አልኳት።

አልሳቀችም። «ዱላውን በሚቀጥለው ይዘውልኝ ይምጡ» ብቻ አለችኝ።

ገና ጨዋታን የማያውቅ ካለ ነገሩ ቀላል ነው። ጫፉ በተቆለመመ ዱላ ትንሽ ድቡልቡል ኳስ እየመቱ ወደ ተቃራኒው ወገን ግብ መንዳት ነው፤ ኳሷን እሩር እንላታለን። የእኛ ቀዬ በገና ዕለት ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ ሁለት ይከፈላል። ለአቅመ ጨዋታ ከደረስኩ ጀምሮ የታች ቤት መቺ እኔ ነበርኩ። ደብረ ብርሃን ከገባሁ፣ አስተማሪ ከሆንኩ፣ ካገባሁም በኋላ በዓሉን አንኮበር የምውለው ለዚሁ ነው። የዱላ አያያዝ ያስተማሩኝም አባቴ ናቸው። ቅስና ከመቀበላቸው በፊት ስመ ጥር መቺ እንደነበሩ ሽማግሌዎቹ ያወራሉ። ግራ እጅ ከላይ፣ ቀኝ እጅ ደግሞ ከሥር ገብቶ፣ መዳፉ ወደ ላይ እያየ፣ ዱላውን እንደ ሕፃን ልጅ አቅፎ ነበር የእሳቸው አያያዝ። «ከሥር ያዘው» ይሉኝ ነበር፤ «ከሥር ካልያዝከው እሱ ይይዝሃል።» እኔም ይህን የቤታችን ሙያ አድርጌ ኮርቼበት ኖርኩ።

በቀጠሮዬ ዱላዬን በፌስታል ጠቅልዬ ሄድኩ። እሷም የራሷን ይዛ ኖሯል፤ መያዣው የተላላጠ ቀጭን የብረት ዱላ። የጎልፍ ነው። አባቷ አዲስ አበባ ውስጥ የጎልፍ መጫወቻ ሣር ያጭዱ ነበር። እሷም በልጅነቷ ማታ ማታ ተጫዋቾቹ ሲሄዱ ሰዎች የጣሉትን አሮጌ ዱላ እያነሣች ኳስ ስትለጋ አደገች።

«የእርስዎ ገና እና የእኔ ጎልፍ ዘመዳሞች ናቸው» አለች። «ይያዙት እስቲ።»

ያዝኩት። ቀኝ እጄን ከሥር ላስገባ ስል አንጓዬ ቆመብኝ። ገፋሁት። ሕመሙ እስከ ክርኔ ወጣ።

«ይበቃል፣ ይበቃል» አለችና ዱላውን ከእጄ ወስዳ ራሷ ይዛ አሳየችኝ። «ጎልፍ የሚጫወቱ ሰዎች ሲከራከሩበት የሚውሉት ነገር ነው ይሄ። እርስዎ እንደያዙት፣ መዳፉ ከሥር ሲገባ ጠንካራ አያያዝ ይሉታል። እንዲህ ከላይ ሲሆን ደግሞ» ብላ እጇን በዱላው ላይ ወደ ግራ አዞረችው፤ «ደካማ አያያዝ ይባላል።»

«ደካማውማ ምን ያደርግልኛል?»

«የጉልበት ስም እኮ አይደለም መምህር! ማጥበቅም ማላላትም አይደለም። እጁ ወዴት ዞሯል ነው ነገሩ። በጠንካራው ኳሱ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ግራ እየታጠፈ ይሮጣል። በደካማው ከፍ ብሎ ይነሣና ወደ ቀኝ ያደላል። በሁለቱም ጥሩ የሚጫወት ሰው አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ደካማ አሉት?»

ትንሽ አሰበች። «ስሙን ያወጡት በወዲያኛው አያያዝ የሚጫወቱት ይሆናሉ» ብላ ሳቀች።

ከዚያ ሳቋን ትታ አስረዳችኝ። አንጓዬ በልምምድ እየተፍታታ ይሄዳል፤ ጸበል ለመቀበል፣ ፊት ለመታጠብ የሚበቃኝ መገልበጥ ይመለሳል። እስከ ድሮው ድረስ መመለሱን ግን ልትምልልኝ አትችልም። ጠንካራው አያያዝ የሚፈልገው ደግሞ ያችኑ ላትመለስ የምትችለውን የመጨረሻ መገልበጥ ነው። «ላስገድድዎ እችላለሁ፤ እርስዎም ሊታገሉ ይችላሉ። ወይም ሌላውን ይልመዱ። ምርጫው የእርስዎ ነው፤ እኔ በሁለቱም አብሬዎ ነኝ።»

እኔ ትግሉን መረጥኩ። የአባቴን አያያዝ ለጥቂት የአጥንት ግትርነት አሳልፌ ልሰጥ? ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ሳለ፣ ከከተማው ዳር ወዳለው መስክ መውጣት ጀመርኩ። ባለቤቴም «ብቻህን ወድቀህ ሌላውን እንዳትሰብረው» ብላ ጋቢ ተከናንባ አብራኝ ትወጣለች። የደብረ ብርሃን ብርድ ብረት ይሰነጥቃል፤ እሷ ግን እሩሯን እየሮጠች ታመጣልኛለች።

አንድ ወር ያህል ታገልኩ። ቀኝ እጄን በግራዬ እየገፋሁ ከሥር አስገባዋለሁ፤ ስመታ ያመኛል፤ ሲያመኝ ጣቶቼ ይከፈታሉ፤ ዱላው ያመልጠኛል። አንድ ጠዋት ከባለቤቴ ራስ በላይ ሽው ብሎ አለፈ። እሷ ጎንበስ ብላ ተረፈች። እኔ ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ውርጩ በሱሪዬ ገባ። አንጓዬ ይነዝረኛል፤ ዓይኔ እንባ አቅርሯል፤ ከሕመሙ ይሁን ከድንጋጤው አላውቅም።

ዱላውን አንሥታ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ። «የምትፈልገው መጫወት ነው ወይስ እንደ ድሮው መጫወት?»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። አንተ ነህ አስተማሪው።» ከዚያ ቀስ ብላ ጨመረች፤ «ጠዋት ጠዋት እየሳቅክ እንድትመለስ ነው የወጣሁት። እያለቀስክ ከሆነ ግን ይህን ብርድ ለምን እችላለሁ?»

ዱላውን ተቀበልኳትና ተነሥቼ ቀኝ እጄን ከላይ አሳረፍኩት፤ ያቺ ባለሙያ እንዳሳየችኝ። እንግዳ ነበር፤ የሰው ጫማ ያደረግኩ መሰለኝ። መታሁ። አላመመኝም! ኳሷ ግን ብድግ ብላ ወደ ቀኝ ጥምዝዝ አለችና የሰው ገብስ ውስጥ ገባች።

«ይሄን ያህል ወደ ቀኝ?» አለች ባለቤቴ ጋቢዋን ሰብስባ እየሮጠች። «ደነባ ከተማ ድረስ ሄጄ ላምጣት እንዴ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለታችንም እየሳቅን ተመለስን። ወደ ቀኝ የምታደላዋን ኳስ ለማቅናት ትንሽ ወደ ግራ ዞሬ መቆም ተማርኩ። ለባለሙያዋ የሆነውን ብነግራት እጆቿን አጨበጨበች። የእጄን ልምምድ ግን አላቃለለችልኝም፤ ጣሳ በውኃ እያስሞላች መዳፌን እስክገለብጠው ታደክመኝ ነበር። ከበዓሉ በፊት በነበረው እሑድ ጸበሉ መዳፌ ላይ ረጋ። ሁሉም ባይሆን እንኳ ለአንድ ጉንጭ የሚበቃው።

ለገና አንኮበር ስንወርድ አባቴን ፈራሁ። ይህን የሚያህል ሰው አባቱን ለዱላ አያያዝ ብሎ መፍራቱ ያስቃል፤ እኔ ግን ፈርቻለሁ። ለማንም አልተነፈስኩም። አባቴም እጄን ይዘው አገላብጠው አይተው «ተመስገን» አሉ እንጂ ስለ ጨዋታው አላነሡም።

በዓሉ ዕለት ከቅዳሴ መልስ ተበልቶ ተጠጥቶ ፀሐይ ዘንበል ሲል ሜዳው ሞላ። አባቴ ጋቢያቸውን ደርበው ከሜዳው ዳር ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀመጡ። የታች ቤት ጎረምሶች እጄን ያውቃሉና ከፊት ማቆሙን ትተው ከኋላ አሰለፉኝ። ከፋኝ፤ ግን ትክክል ነበሩ። የላይ ቤቶች እንደ ልማዱ በግጥም ሰደቡኝ። አንዱ እጄን ከተሰበረ ሞፈር ጋር አመሳስሎ ሲገጥም የራሴ ወገኖች ሳይቀሩ ሳቁ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ፤ እኔም ሳቅሁ።

የመጀመሪያዋን እሩር ሳትኩ። አየር ነው የመታሁት። ሁለተኛዋን ገጨት አደረግኋትና ለላይ ቤቶች አቀበልኳቸው። አባቴን ላለማየት ፊቴን አዞርኩ። ከቆይታ በኋላ ግን እሩሯ ከሕዝቡ እግር ሥር ተንከባልላ ብቻዋን ወደ እኔ መጣች። ላይ ቤቶች አቧራ እያስነሡ ከፊቴ እንደ ግድግዳ ይመጣሉ። በድሮው አያያዜ ቢሆን ዝቅ ብላ ትሮጥና ከእግራቸው ጋር ትጋጭ ነበር። እጄን ከላይ አሳረፍኩ፤ ወደ ግራ ዞር ብዬ ቆምኩ፤ መታሁ። እሩሯ ተነሣች። በራሶቻቸው በላይ አለፈች፤ ሁሉም ቀና ብሎ አያት። ወደ ቀኝ ዘወር ብላ፣ ብቻውን የቆመው የአጎቴ ልጅ እግር ሥር ወደቀች። እሱ ደግሞ ምን ገዶት፤ አንዴ ገፋ አድርጎ ወደ ግቡ ነዳት።

የታች ቤትን ጩኸት ገደሉ አስተጋባው። አንድ ሰው ተሸከመኝ፤ ማን እንደሆነ አላየሁም። ባለቤቴ ከሴቶቹ መካከል ቆማ እልል ስትል ድምፅዋን ለየሁት።

ጨዋታውን ግን ተሸነፍን። ላይ ቤቶች ሲመሽ ሁለት አከታትለው አገቡና እስከ ደጃችን እየጨፈሩብን ሸኙን።

ማታ እራት ሳይቀርብ አባቴ ወደ መደባቸው ጠሩኝ።

«አያያዝህን ቀየርከው።»

«አዎ አባ። ከሥር አልገባ አለኝ። ብዙ ሞከርኩ።»

«እንዲህ ስትይዘው ያምሃል?»

«አያመኝም።»

«እንግዲያው ምን ያንገበግብሃል? ፊትህ እኮ የተከሰሰ ሰው ፊት ነው።»

«የእርስዎን አያያዝ ተውኩት ብዬ ነው።»

አባቴ አንዴ አዩኝና ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ፤ ውኃ ሰጠኋቸው። ከዚያ ግራ እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ አውጥተው መብራቱ ሥር ዘረጉልኝ። ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቻቸው ወደ ውስጥ አይታጠፉም፤ እንደ ቅርፊት ደርቀው የቀሩ ናቸው። ይህን ሕይወቴን በሙሉ አውቀዋለሁ። በልጅነታቸው እሳት የነካቸው መሆኑንም ሰምቻለሁ።

«በእነዚህ ዱላ ይያዛል?» አሉኝ። «አይያዝም። ለዚህ ነው ቀኜን ከሥር አስገብቼ ክብደቱን ሁሉ በእሱ የተሸከምኩት። አያትህማ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ከላይ ነበር የሚይዙት። ልክ ዛሬ አንተ እንዳደረግኸው።»

«ታዲያ ለምን እኔን ከሥር አስተማሩኝ?»

«የማውቀው እሱን ብቻ ነበራ! የማላውቀውን ላስተምርህ?»

ተጎንብሼ ያቺን የደረቀች እጃቸውን ሳምኩ። እሳቸውም በቀኛቸው ራሴን ዳበስ አደረጉና «እራቱ ይቅረብ» አሉ።

በማግሥቱ ልንመለስ ስንል አባቴ ከጣሪያው ሥር፣ ከማዕድ ቤቱ ጭስ በላይ፣ ሲደርቅ የከረመ የወይራ ዱላ አወረዱ። ጫፉ በተፈጥሮው የተቆለመመ ነው፤ ልጣጩን ራሳቸው በቢላዋ አንሥተውለታል። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ አንዳንድ ቦታ ተፍቆ አንዳንድ ቦታ ቀርቷል።

«ይሄን ለዚያች እጅህን ላዞረችልህ ልጅ ስጥልኝ» አሉኝ። «እግዜር ይስጥሽ ብለዋል በላት።»

የበዓሉ ሰሞን አልፎ ሐኪም ቤት ስሄድ ባለሙያዋ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ስትሮጥ አገኘኋት። ዱላውን ሰጠኋት፤ የአባቴን መልእክትም ነገርኳት። ያልተፋቀውን ቦታ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። «እኔ ሥራዬን ነው የሠራሁት እኮ» አለች። ዓይኗ ግን ሌላ ይላል።

«እሩርም አምጥቻለሁ» አልኳት።

ወደ ግቢው ወጣን። ተራ የሚጠብቁ ሕመምተኞች በአግዳሚው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ነጭ ጋዋኗን ወደ ኋላ ሰበሰበችና ቆመች፤ ቀኝ እጇን ከሥር አስገብታ፣ በጠንካራው አያያዝ። የጎልፍ ልጅ ናትና አወዛወዟ ሌላ ነው፤ ወገቧ ቀድሞ ይዞራል። እሩሯ ዝቅ ብላ ግቢውን አቋርጣ በአጥሩ ሥር ሾለከች።

እግሩ በጀሶ የታሰረ አንድ የደብረ ሲና ሹፌር ከአግዳሚው ላይ ክራንቹን አንሥቶ «ግብ!» ብሎ ጮኸ። ሌሎቹም አጨበጨቡ። እሷ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። እኔ እሩሯን ላመጣ ወደ በሩ ሮጥኩ።